ስለ ጋራ ሀብትና በፈቃዱ ስለሚገባ ማኅበርተኛ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ለብቻው የሚይዘው ሀብት አለው፤ ከሌሎች ጋር የሚይዘውም ሀብት አለው። ቤቱና ልብሱ፥ ብሩና ከብቱ የራሱ ናቸው፤ የሰፈሩ ምንጭ፥ መንገዱና ድልድዩ፥ የመቃብሩም ስፍራ ግን የሁሉ ናቸው። የራሱ የሆነውን ለመጠበቅ ሰው ሁሉ ይተጋል፤ መካሪም አያስፈልገውም። የሁሉ የሆነው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጠባቂ ያጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይጠብቀዋል ብሎ ያስባልና።

እንግዲህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው። የጋራ የሆነውን ነገር ለማቆምና ለመጠበቅ ገንዘብ ሲዋጣ፥ ሰው ወደ መዋጮው በግድ ይግባን? ወይስ በፈቃዱ? በፈቃዱ የሚገባ ከሆነስ፥ ያልገባው ሰው ከጥቅሙ ሊካፈል ይገባዋልን? ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰውን ልብ የሚገልጥ ስለ ሆነ ትንሽ አይደለም።

አስቀድሜ የራሴን በደል ልናገር፤ ሌላውን የሚመክር ሰው ከራሱ መጀመር ይገባዋልና። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሥራ ተቀምጬ ሳለሁ፥ የሰፈሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ በላዩም የእጅ ፓምፕ አስተከሉ። ፓምፑንም ለማደስ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ገንዘብ ያዡም ወደ እኔ መጥቶ፥ «መምህር፥ ከማኅበራችን ይገባሉን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «እኔ እንግዳ ነኝ፤ ነገ ወደ ሌላ ስፍራ እዛወር ይሆናል፤ ለጊዜው ይቅርብኝ» ብዬ መለስሁለት። እርሱም አላስገደደኝም። ነገር ግን ያ ነገ ሳይመጣ ሦስት ዓመት ተቀመጥሁ፤ ልጆቼም በየጠዋቱ ከዚያ ጉድጓድ ውኃ ይቀዱ ነበር፤ የከለከላቸውም ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ፓምፑ ተሰበረ። ሣጥኑም በተከፈተ ጊዜ ገንዘቡ ለማደሻው አልበቃም፤ እንደ እኔ ያሉት ሰዎች በዝተው ነበርና። ከእነርሱም አንዳንዶቹ አስቀድመው ያዋጡ የነበሩ ናቸው፤ ዳሩ ግን፥ «መምህሩ ሳያዋጣ ይቀዳ የለምን? እኛስ ስለ ምን እናዋጣለን?» ብለው እጃቸውን ሰብስበው ነበር። በጎረቤቴ እንጀራ እየጋገረች የምትኖር አንዲት ባልቴት ግን አንድ ወር እንኳ ሳታጓድል ከፍላ ነበር። ይህች ሴት እንስራዋን አዝላ ወደ ሩቁ ወንዝ ስትወርድ በመንገድ አገኘኋትና አፈርሁ። እርሷም አልተቆጣችኝም፤ «መምህር፥ ውኃው እስከ ዛሬ ያለ ዋጋ ይመጣ የነበረ መስሎዎታልን?» ብቻ አለችኝ። ይህችም ቃል ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ልቤን ወጋችው።

አሁን በደሌ ምን እንደ ነበረ እንመርምር። ውኃውን ስለ ቀዳሁ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት እንስራ ውኃ ጉድጓዱን አያደርቀውም ነበር። የሚበልጠው በደል፥ ያዋጡ የነበሩትን ሰዎች ማዋጣት ሞኝነት እንደ ሆነ በሥራዬ ማስተማሬ ነው። አፌ ሌላ ነገር ያስተምር ነበር፤ እንስራዬ ግን ይህን ያስተምር ነበር፤ ሰፈሩም እንስራዬን ሰማ።

ይህ ነገር በእኔ ሰፈር ብቻ የደረሰ አይደለም። ነገሩን በቍጥር ላስረዳህ። አምስት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው ዐሥር ብር ይዘው ተሰበሰቡ እንበል። ከጋራው ሣጥን የገባው ገንዘብ ሁሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም ላዋጣውም ላላዋጣውም ለአምስቱ እኩል ይከፈላል። አምስቱ ሁሉ ቢያዋጡ 50 ብሩ 150 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም 30 ብር ይደርሰዋል። አንዱ ግን ብሩን በኪሱ ቢያስቀር፥ የአራቱ 40 ብር 120 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 24 ብር ይደርሳል። ያ ያስቀረው ሰው 24ቱን ከኪሱ 10 ብር ጋር ጨምሮ 34 ብር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያዋጡት በ24 ሲቀሩ፥ ያላዋጣው ከሁሉ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። አምስቱም ይህን አይተው ሁሉም ቢያስቀሩ ግን በዐሥር ብራቸው ብቻ ይቀራሉ። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ብልኀት የመሰለው ነገር ለሁሉ ጥፋት ሆነ።

የአሜሪካው ሊቅ ማንኩር ኦልሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ ለዚያ ጥቅም ይተባበራሉ ማለት ስሕተት እንደ ሆነ አስረድቷል፤ ማኅበሩም እየበዛ በሄደ መጠን ነገሩ ይብሳል ብሏል። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ጋሬት ሃርዲን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ፥ ለሁሉ ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬት እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም በጨመረ ቍጥር እንዴት እንደሚጠፋ ጻፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን እርሱ ራሱ ቃሉን አቃንቶ፥ የሚጠፋው ሥርዐት ያልተበጀለት የጋራ መሬት ነው ማለት ይገባኝ ነበር ብሏል። በ2000 ዓ.ም. ኤርንስት ፌርና ሲሞን ጌክተር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከላይ የጻፍሁትን የሚመስል ጨዋታ በእውነተኛ ገንዘብ ሰዎችን አጫውተው ታዘቡ። ሰዎቹ በመጀመሪያ ከያዙት ግማሽ ያህሉን ያዋጡ ነበር፤ ጨዋታው ሲደጋገም ግን መዋጮው እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ወደ ምንም ቀረበ። ይህም የሆነው ሁሉም ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ለሌላው ሞኝ መሆንን ስለ ጠሉ ነው እንጂ። አንባቢ ሆይ፤ የሰፈሬን ሰዎች ታሪክ በዚህ ውስጥ አታየውምን?

ምናልባት፥ «እንግዲያስ ሁሉን በግድ ማስከፈል ነዋ!» ትል ይሆናል። ይህ አሳብ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። መንግሥት ግብር ባያስከፍል ታላቁ መንገድና ድልድይ አይሠራም። ነገር ግን ግድ ብቻውን ምን እንደሚያፈራ ተመልከት። የተገደደ ሰው የታዘዘውን ያህል ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አንዲት አይጨምርም፤ ሊሸሽግ የሚችለውንም ይሸሽጋል። ሰብሳቢው ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ለጠባቂውም ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። አስገዳጁም በሄደ ጊዜ ሥራው አብሮት ይሄዳል፤ ሥራው የእርሱ እንጂ የሰዎቹ አልነበረምና።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉትን ሦስት ስጦታዎች አስተያያቸው። የመገናኛው ድንኳን በምድረ በዳ በተሠራ ጊዜ፥ ወርቁንና ብሩን፥ ሐሩንና ቍርበቱን ሕዝቡ ልቡ እንደ ፈቀደ አመጣ፤ ከመብዛቱም የተነሣ ሙሴ ይበቃል ብሎ በሰፈሩ እስኪያሳውጅ ድረስ ሆነ። ሕዝቡ በተቈጠረ ጊዜ ግን ለድንኳኑ አገልግሎት ከእያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ተጠየቀ፤ ባለጠጋው አልጨመረም፥ ድኻውም አላጐደለም። ኋላም በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች፥ ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት በየዓመቱ የሰቅል ሲሶ ለመስጠት በራሳቸው ላይ ሥርዐት አቆሙ። የመጀመሪያው ፍጹም ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ ሦስተኛው ግን ፈቃድና ትእዛዝ በአንድነት የተጋጠሙበት ነው፤ ሰዎቹ ፈቅደው ራሳቸውን አሰሩ። ዳግመኛም ይህን ልብ በል፤ አንድ ጊዜ ለሚሠራው ሥራ የልብ ሙቀት ሊበቃ ይችላል፤ ከዓመት ዓመት ለሚጠበቀው ሥራ ግን ሥርዐት ያስፈልጋል። እኛም በሰፈራችን ጉድጓዱን ለማስቈፈር ገንዘብ አላጣንም ነበር፤ ያጣነው ለማደሻው ነው።

አሁን ወደ ፈቃድ ነገር እንመለስ። ክርስቶፍ ሐወርትና ሦስት ባልንጀሮቹ በ2002 ዓ.ም. እንዲህ ሲሉ መረመሩ። በጨዋታው ውስጥ ሦስት ዐይነት ሰው ይኑር፤ አንዱ የሚያዋጣ፥ ሁለተኛው ሳያዋጣ የሚካፈል፥ ሦስተኛው ግን ከማኅበሩ ፈጽሞ ውጭ ሆኖ በትንሽ የራሱ ገቢ የሚኖር። በሒሳባቸውም ያገኙት ነገር ይህ ነው። የሚያዋጡ ሲበዙ፥ ሳያዋጡ የሚካፈሉ ሰዎች በእነርሱ ላይ ይበረታሉ። እነዚህ ሲበዙ ግን ሣጥኑ ባዶ ስለሚሆን፥ ውጭ መቈየት ይሻላል የሚሉ ሰዎች ይበረክታሉ። ብዙዎች ውጭ በቀሩ ጊዜ ደግሞ ማኅበሩ ትንሽ ይሆናል፤ በትንሽ ማኅበርም ማዋጣት እንደ ገና ይጠቅማል። ከላይ ባሳየሁህ ቍጥር አስበው፤ በአምስት ሰው መካከል የሰጠኸው አንድ ብር ለራስህ የሚመልስልህ ስድሳ ሳንቲም ብቻ ነው፤ በሁለት ሰው መካከል ግን አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ይመልስልሃል። ስለዚህ መተባበር እየደከመ ይሄዳል እንጂ ፈጽሞ አይሞትም፤ ከወደቀበትም ይነሣል። በ2003 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ በተማሪዎች መካከል ፈትነው፥ ነገሩ እንዲሁ በመፈራረቅ እንደሚሄድ አገኙ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ወደ ማኅበር በፈቃድ መግባትና ከማኅበርም መውጣት መቻል ለመተባበር ጠላት አይደለም፤ ጠባቂው ነው። በር ያለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው መቀመጥን መርጧል። ግን እነሆ በዚህ ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር ተሰውሯል፤ አንባቢ ሆይ፥ እንዳያመልጥህ! በዚያ ጨዋታ ከማኅበሩ ውጭ የሆነው ሰው ከጥቅሙም ውጭ ነው። በራሱ ትንሽ ገቢ ይኖራል፤ ከሣጥኑ አይካፈልም። እንዲህ ያለው ሰው ነጻ ሰው ነው፤ የሚወቅሰውም የለም። እኔ ግን ከማኅበሩ ወጥቼ ከውኃው አልወጣሁም። ነጻነት ብዬ የጠራሁት ነገር ነጻነት አልነበረም፤ ሸክሜን በባልቴቲቱ ጀርባ ላይ መጫን ነበር።

ስለዚህ የጋራ ጥቅም ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳይደለ መለየት ይገባናል። በአገራችን በከተማም በገጠርም የታወቀውን እድር ተመልከት። እድርተኛው በየወሩ ይከፍላል፤ ድንኳንና ወንበር፥ ድስትና ሰሐን በጋራ ይገዛል። ሐዘን በደረሰ ጊዜም እድሩ ገንዘብና ዕቃ ይሰጣል፤ እድርተኞችም ለቀብር ይወጣሉ፤ ያለ ምክንያት የቀረው መቀጫ ይከፍላል። ብዙዎቹ እድሮች የተጻፈ ደንብና የአባሎች መዝገብ አላቸው። ዘግይቶ የሚገባው ሰው፥ አስቀድመው የገቡት ያከማቹትን ገንዘብ በነጻ እንዳይካፈል የመግቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። የእድር ርዳታ ለተጻፈው አባል የሚደርስ፥ ላልተጻፈው የማይደርስ ስለ ሆነ፥ በፈቃድ የተመሠረተ ማኅበር ሆኖ ሳለ ጸንቶ ይኖራል። የዕቁብም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ለጣለው ሰው ነውና።

ነገር ግን የመንገድ መብራት ላዋጣውና ላላዋጣው ለይቶ አያበራም። የሌሊት ዘበኛም ሌባን ሲያባርር ያልከፈለውን ሰው ቤት ለይቶ አይተውም። እንደዚህ ባለ ነገር ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ እዚህ ላይ የሕሊና ሥራና የጋራ ሥርዐት ይገባሉ። ሰው ማንም ሳያስገድደው፥ «ከዚህ ነገር እጠቀማለሁ፤ ስለዚህ ድርሻዬ አለብኝ» ማለት ያለበት በዚህ ስፍራ ነው።

ሥርዐትንስ ማን ያቁም? በ2006 ዓ.ም. በጀርመን አገር የተደረገ ሌላ ምርመራ መልስ ይሰጠናል። ተማሪዎች በሁለት ማኅበሮች መካከል እንዲመርጡ ተደረገ። በአንዱ ማኅበር መቀጫ የለም፤ በሌላው ግን ማኅበርተኞች ያላዋጣውን ሊቀጡ፥ ያዋጣውንም ሊሸልሙ ይችላሉ። በመጀመሪያ ብዙዎቹ መቀጫ የሌለበትን መረጡ፤ ሰው ቀንበር አይወድምና። ጨዋታው በተደጋገመ ጊዜ ግን መቀጫ የሌለበት ማኅበር መዋጮው ጠፋ፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ሌላው ገቡ፤ በመጨረሻም ሁሉም ለማለት ይቻላል በሕግ ሥር ለመኖር ወደው በዚያ ተገኙ፤ ያላቸውንም ሁሉ ለማለት በሚቀርብ መጠን ያዋጡ ነበር። በነህምያ ዘመን እንደ ነበሩት ሰዎች ፈቅደው ራሳቸውን አሰሩ። ማንም ያልገደደው ሰው የመረጠው ሕግ፥ ከውጭ ከተጫነ ሕግ እጅግ ይጸናል።

አሜሪካዊቱ ኤሊኖር ኦስትሮም ይህን ነገር በጨዋታ ሳይሆን በዓለም ባሉ በእውነተኞች መንደሮች መረመረች፤ መጽሐፏም በ1990 ዓ.ም. ታተመ። በ2009 ዓ.ም. በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆነች፤ በዚህም ትምህርት ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሴት ናት። የመስኖ ውኃን፥ ደንንና ግጦሽን ለብዙ መቶ ዓመት ሳያጠፉ የጠበቁ ሕዝቦችን ሥርዐት አስተያይታ፥ የሚመሳሰሉበትን ነገር ገለጠች። አባሉ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ሕጉን የሚያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ለማኅበሩ መልስ ይሰጣሉ፤ ቅጣቱም በትንሹ ይጀምርና እየከበደ ይሄዳል፤ ጠብም በተነሣ ጊዜ በቅርብና በቀላል ወጪ ይታረቃል።

በአገራችንም የመንዝን ጓሳ ማስታወስ ይቻላል። ለቤት ክዳን የሚሆነው ያ የጓሳ ሣር በጋራ ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመት ተጠብቆ ኖሯል፤ ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ደንቡን ያፈረሰውም ይቀጣ ነበር። በዚያ ሥርዐት አባልነት በትውልድ እንጂ በምርጫ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የመሬት አዋጅ ወጥቶ ርስት በተሻረ ጊዜ፥ በርስት ላይ የቆመው የጥንቱ ሥርዐት ፈረሰ፤ ሣሩም ጠባቂ አጥቶ ተጐዳ። የአገሩ ሰዎች ግን ኋላ እንደ ገና ተማክረው አዲስ ሥርዐት አቆሙ። አባቶቻቸው በትውልድ የተቀበሉትን ልጆቹ በምክር መረጡት።

አሁንም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። ያላዋጣውን ከጥቅም ማስወጣት ጽኑ አይሆንምን? በእውነት ሊሆን ይችላል። ለተጠማ ሰው ውኃ መንሣት በማናቸውም ደንብ ጽድቅ አይሆንም። ስለዚህ የማይችለውን ከማይፈቅደው ለይ። የማይችለውን ሰው ማኅበሩ በግልጥ መክሮ ይማረው፤ ወይም በገንዘብ ፈንታ በጉልበቱ ይርዳ። ምሕረቱ በግልጥ ይሁን ማለቴ፥ በስውር የተደረገ ምሕረት ለሚያየው ሰው አድልዎ መስሎ ስለሚታየው ነው። የማይፈቅደውን ሰው ግን አስቀድሞ መጠየቅ፥ ከዚያ መምከር፥ ከዚያ መቅጣት፥ በመጨረሻም መለየት ይገባል። በመጀመሪያ ቀን ማስወጣት ጭካኔ ነው፤ ለዘላለም ዝም ማለትም ላዋጡት ሰዎች ጭካኔ ነው። የሰፈሬ ሰዎች በእኔ ላይ ዝም ያሉት ስላከበሩኝ ነበር፤ ያ አክብሮት ግን ባልቴቲቱን ወደ ወንዝ አወረዳት።

ስለዚህ ሦስት ምክር እሰጣለሁ። ገንዘብ ያዥ የሆንህ፥ መዝገብህን ክፍት አድርግ፤ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ያላወቀ ሰው ማዋጣቱን ቢተው በእርሱ ብቻ አትፍረድ። በማኅበር ያለህ፥ ጎረቤትህ ስላጐደለ አንተም አታጕድል፤ ነገር ግን በሐሜት ፈንታ ፊት ለፊት ንገረው። ከማኅበር ውጭ ያለህ፥ በእውነት ውጭ መሆንህን መርምር። ከእድሩ ካልገባህ በድንኳኑ አትመካ፤ ከጉድጓዱ የምትቀዳ ከሆነ ግን ብትጻፍም ባትጻፍም ማኅበርተኛ ነህ፤ የሚቀርህ ድርሻህን መክፈል ብቻ ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት የሦስት ዓመቱን መዋጮ ቈጥሬ ለገንዘብ ያዡ ሰጠሁት። «ይህን ያህል አልጠየቅንዎትም» አለኝ። እኔም፥ «ውኃው ግን ጠይቆኛል» አልሁት። ከዚህም በኋላ እጃቸውን ሰብስበው ከነበሩት ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ፓምፑም ከሁለት ወር በኋላ ታደሰ። ሁሉም ግን አልተመለሱም፤ የተሰበረ መታመን እንደ ተሰበረ ብረት በቶሎ አይበየድምና። ወዳጄ ሆይ፤ ሳይሰበር ጠብቀው።